ሦስተኛው ቀረጻ

ማባዣ ከእንቅልፉ ሲነቃ ቤቱ የጋለ ካውያ ይሸታል። አንገቱን ቀና ቢያደርግ እናቱ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ፣ ትናንት የፊልም ሠራተኞቹ ያዋሷትን ቀሚስ ትተኩሳለች። መተኮሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ አጥባዋለች። ሁለት የልብስ ክፍል ሴቶች ሳምንት ሙሉ ሻይ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በከሰል አሽተው፣ ጠርዙን በምላጭ ተልትለው «የጦርነት ጊዜ ቀሚስ» ያደረጉትን ጨርቅ፣ እሷ በአንድ ድፍን ሳሙናና በአንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ ሰላም አውርዳበታለች። የተተለተለውን ጠርዝ እንኳ አልማረችውም፤ በሚመስለው ክር ጠቅማ፣ አጥፋ ሰፍታ፣ ለሠርግ የሚለበስ አስመስላዋለች።

«እማ! ምን ነካሽ? አጠብሽው እንዴ?»

«ቆሻሻ ነው የሰጡኝ።»

«ቆሻሻ መሆን አለበት እኮ! ጦርነት ነው!»

እናቱ ጣቷን በምራቋ አርሳ የካውያውን ሆድ ነካ አደረገች፤ ቺስ አለ። «ጦርነት ላይ ያለ ሰው አይታጠብም ያለህ ማነው?» አለች ቀና ሳትል። «እኛ ታጥበን ነበር።»

«እኛ» ማለት እነማን እንደሆኑ ማባዣ አልጠየቀም። ጆሮው ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ ይህንን ነገር ቀረጻው ቦታ ደርሶ እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው ማሰላሰል ጀምሯል። ገና ካልሲውን ሳያጠልቅ፣ እናቱ ያጠበችው አንድ ቀሚስ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሻምበል ጦር ሙሉ ዩኒፎርም ሆኖ ነበር።

ማባዣ የወጣለት ስም ነው። በጆሮው አንድ ሆኖ የገባ ነገር በአፉ ሰባት ሆኖ ስለሚወጣ ነው። አንድ ጊዜ ጄኔሬተሩ ውስጥ የገባች አይጥ በመጀመሪያው ቀን ድመት፣ በማግስቱ ቀበሮ፣ በሦስተኛው ቀን ከሞተሩ ጋር ግማሽ ቀን የታገለ ነብር ሆና ወጥታለች። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ መሃሉ ላይ መጋረጃ ስላለ ግን ለሰው ሲያወራ ሦስት ክፍል ይለዋል። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት ያየው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ሞተርና መብራት ግን እጁ ላይ ይታዘዙለታል። ለሠርግም፣ ለስብሰባም፣ ለፊልምም ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ መብራት ይሰቅላል። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው፤ ሲጠየቅ እንኳ እንደ ቀኑ ሁኔታ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ከወሬዎቹ ሁሉ ግን ኮትኩቶ ያሳደገው፣ ሻይ የተጋበዘበት፣ ሠፈሩ ውስጥ ወንበር የሚለቀቅለት የእናቱ ወሬ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ወታደሮች ቤቷ ይመጣሉ። ሾርባ ሥሪልን ይሏታል። እሷ ሾርባው ውስጥ የምታውቀውን ቅጠል ትጨምርበታለች። ዐሥራ ሁለቱም እንደ ጆንያ ይዘረጋሉ። ከዚያ መኪና ነድታ የማታውቅ ሴትዮ የጦር መኪናቸውን አስነስታ፣ አንዲት ፍየል ጋቢና አስቀምጣ፣ ድልድዩን ወደ ኋላ እየነዳች ተሻገረች። ለምን ወደ ኋላ? ወደ ፊት የሚያስኬደውን ማርሽ ስላላገኘችው! እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ታናሽ እህቷ እንኳ በዚያው ዘመን በወባ ሞተች መባሉን ሰምቶ ስለነበር፣ አንዲት እርግብ የምታህል ትንኝ ጨምሮበታል፤ ትንኟም በኋላ በከባድ መሣሪያ ነው የወደቀችው።

ወሬው የተፈጠረው ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ነው። አስተማሪያቸው «ወላጆቻችሁ በጦርነቱ ጊዜ ምን እንዳሳለፉ ጠይቃችሁ ኑ» ብላ ነበር። ቤት ገብቶ ጠየቀ። እናቱ ቧንቧውን ከፍታ የታጠቡ ብርጭቆዎችን መልሳ ታጥብ ጀመር፤ ሁሉንም ስትጨርስ ከመጀመሪያው ደገመች። ልጁ ባዶ እጁን ትምህርት ቤት እንዳይሄድ የጦር መኪናውን ይዞ ሄደ፤ ክፍሉ አጨበጨበለት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት «እውነት ነው እንዴ?» እያለ ሲጠይቃት እናቱ ፈገግ ብላ «እሱ ካለ ምን ይደረግ» ትላለች። ማባዣም ፈገግታዋን እንደ ፈቃድ ወረቀት ቆጥሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነዳበት።

ዳይሬክተሩም ወሬውን የሰማው በምሳ ሰዓት ነው። ዓይኑን እስኪያብስ ስቆ ነበርና፣ ከአጃቢ ተዋናዮቹ ሴቶች አንዷ ጉልበቷን አሟት በቀረች ጊዜ «በል ያቺን ጀግና እናትህን አምጣልኝ» አለው። ማባዣ እምቢ ትላለች ብሎ ነበር። እናቱ ከገበያና ከጤና ጣቢያ በቀር የትም አትሄድም። እሷ ግን «ምንድን ነው የሚሠሩት?» ብቻ ብላ ጠየቀችው። «ምንም፤ ሴቶች ተሰልፈው ወታደር ሲፈትሻቸው ነው። ቆሞ መዋል ነው» አላት። የያዘችውን ስኒ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እመጣለሁ» አለች።

አውቶቡስ ውስጥ እናቱ ቀሚሱን በመስቀያ ይዛ፣ ፌስታል አልብሳ ስለነበር፣ ለሁለት ሰው ከፍለው በአንድ ሰው ቦታ ተቀመጡ፤ ሁለተኛው ወንበር የቀሚሱ ሆነ። ቀረጻው ከተማው ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተደፍነው በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነው፤ የማባዣ መብራቶች ካልበሩ ሰው የገዛ እጁን አያይም። ኪራዩ የዚያን ቀን ማታ ያበቃል፤ በማግስቱ ጠዋት ሲሚንቶ ይገባበታል። የመጋዘኑ ባለቤት ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ሰዓቱን እያየ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለችው ሻይ ሻጭ ደግሞ የፊልም ሰው ሀብታም መስሏት ዋጋዋን በእጥፍ አድርጋዋለች፤ ማባዣ ሲከራከራት «አንተ ራስህ ፊልሙ የስንት ሚሊዮን ነው አልከኝ?» ብላ አፉን አስያዘችው።

የልብስ ኃላፊዋ ቀሚሱን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሊያስለቅሳት ምንም አልቀረው። «እማማ! ሻዩ! ከሰሉ! ሁለት ቀን ነው ይቺን ቀዳዳ ብቻ የሠራሁት!» እናቱ ይቅርታ አልጠየቀችም። እጆቿን ወደ ላይ አንስታ፣ እንደሚያለብሱት ሕፃን ቆማ፣ ከሰል ሲቀቧትና ጠርዙን መልሰው ሲተለትሉባት ዝም ብላ ወደ በሩ ታያለች።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ሴቶቹን ሰብስቦ ፊልሙን አስረዳ። ዋናዋ ተዋናይት፣ ኮከቧ፣ በዚህ ሰልፍ ላይ አብራት የቆመች ልጅ ስትወሰድ ታያለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ቃል አይወጣትም። «ሁሉ ነገር ውስጧ ነው። አትናገርም» አለ።

«ደሞዟ ግማሽ ነው በለኛ!» አለ ማባዣ ከመሰላሉ ላይ። ሳቁ።

«ለምን አትናገርም?» አለች እናቱ። ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር የዳይሬክተሩ ረዳት ደገመላት።

«እማማ፣ ዝምታዋ ይናገራላ!» አለ ዳይሬክተሩ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ማን ነገራችሁ?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ማባዣ ነበር፤ እንዲያውም መሰላሉ ላይ ሆኖ «በሉ እንግዲህ ከማን ወጣሁ!» አለ። ያቺን ሳቁን በኋላ መልሶ ሊውጣት ብዙ ሞክሯል።

ዐሥራ ሦስት ሴቶች ተሰለፉ። እናቱ ከኮከቧ ቀጥላ፣ የምትወሰደውን ልጅ በግራዋ አድርጋ ቆመች። ልጅቷ የኮከቧ የእህት ልጅ ናት፤ ማስቲካዋን አውጥታ ጆሮዋ ኋላ ለጥፋለች። ወታደሩን የሚሠራው ቁመተ ሎጋ ሰው በሌላ ጊዜ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። «አክሽን!» ተባለ። ወታደሩ በሰልፉ ፊት መራመድ ጀመረ። ገና ሁለተኛዋ ሴት ጋ ሳይደርስ እናቱ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ማንም አላዘዛትም። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠቻቸውና በባዶ እግሯ ኮንክሪቱ ላይ ቆመች። ወታደሩ ግራ ተጋባ፤ ግን የመኪና ዕቃ ነጋዴ በቀላሉ አይደነግጥምና ቀጠለ። ልጅቷ ጋ ደርሶ አገጯን በጣቱ ቀና አደረገ።

«ይቺስ? የማን ናት?»

ማንም አልመለሰም። ጽሑፉ ላይም «ማንም አይመልስም» ነው የሚለው። ልጅቷን ክንዷን ይዞ ወሰዳት። «ከት!» አለ ዳይሬክተሩና እየሮጠ መጣ። «ጫማውን ማን ነገራቸው? ማንም? እዩት! ጫማዎቹን እዩዋቸው እስቲ! ሁላችሁም አውልቁ!» ዐሥራ ሁለት ሴቶች እያጉረመረሙ አወለቁ። ካሜራ ያዡ ወደ መሰላሉ ቀና ብሎ «ማባዣ፣ እናትህ እኮ ኮከቧን በላቻት!» አለው። ማባዣም ከላይ ሆኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን እስከ ጉልበቱ ሰብሮ እጅ ነሳ። «በደም ነው፣ ወንድሜ! በደም ነው!» አለ።

ሁለተኛው ቀረጻ ላይ ማባዣ መብራቱን ዝቅ እንዲያደርግ ታዞ ስለነበር ፊቷን በቅርብ አየው። ወታደሩ ልጅቷ ፊት ቆመ። «ይቺስ? የማን ናት?» የእናቱ ግራ እጅ ከጎኗ ተነሳ፣ የልጅቷን እጅጌ በሁለት ጣት ነካ፣ እዚያው ቀረ። አፏ ተከፈተ። ተዘጋ። ልጅቷ ተወሰደች፤ ሁለቱ ጣቶች አየር ላይ እንደተገጣጠሙ ቀሩ። «ከት! እጇን አያችሁ? አምላኬ! እንደገና፤ አሁን ካሜራው ፊቷ ላይ ይሁን፣ አፍንጫዋ ሥር!» ኮከቧ ከንፈሯን ነክሳ ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ የፊልሙን ዝምታ ሌላ ሰው እየወሰደባት ነው።

ማባዣ ውኃ ይዞ ወረደ። እናቱ የቆርቆሮ በርሜል ላይ ተቀምጣ እግሯን እግሯ ላይ ደርባ ታሞቃለች።

«ሰውየው ጓንት ነበረው» አለችው።

«የቱ?»

«ሰውየው። የቆዳ ጓንት። በዚያ ሙቀት።»

ማባዣ ወታደሩን ዞር ብሎ አየው፤ በባዶ እጁ ሙዝ እየላጠ ነው። «ታዲያ ለዳይሬክተሩ ልንገረዋ! ጓንት አይጠፋም» አለ። ሌላ ጊዜ እንደ ወፍጮ የሚፈጥን ጭንቅላቱ ያን ሰዓት ድንጋይ ሆኖ ነበር። እናቱ ውኃውን ተቀበለችው፤ አልጠጣችም።

«አክስትህ በወባ አልሞተችም።»

መጋዘኑ ውስጥ ሰው ይጯጯሃል፤ ሽቦ ይጎተታል፤ ማስቲካ የለጠፈችው ልጅ ማስቲካዋን ፍለጋ ጆሮዋን ትዳብሳለች። ማባዣ መጀመሪያ ትዝ ያለው፣ ይቅር ይበለውና፣ ትንኟ ናት። እርግብ የምታህለው። ስንት ጊዜ ክንፏን በእጁ እያሳየ፣ እናቱ እዚያው መጋረጃው ሥር ሽንኩርት እየከተፈች፣ ለስንት ሰው እንዳበረራት።

«የማን ናት ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ» አለች እናቱ። «ጠዋት ታጥበን፣ ፀጉሯን እኔ ነኝ የሠራኋት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አጠገቤ ነበረች። እጅጌዋ እጄን ይነካኛል። የእኔ ናት ብለው ሁለታችንን ይወስደናል ብዬ…» የውኃውን ክዳን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። «አላልኩም።»

«እማ…» ማባዣ ውኃውን ከእጇ ተቀበላት። «እማ፣ ተይው። እንሂድ በቃ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እማማ፣ ወደ ቦታዎ!» አለ ረዳቱ።

ተነሳች። «ሥራህን ሥራ» አለችው።

ለሦስተኛው ቀረጻ ማባዣ መሰላሉ ላይ አልወጣም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን አጠገብ ቆመ። ከዚያ ሆኖ እናቱ በግማሽ ፊቷ ትታየዋለች። ካሜራው ከአገጯ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ዳይሬክተሩ ተንበርክኮ አንገቱን አስግጓል፤ ሊጎርስ የተዘጋጀ ሰው ይመስላል። ማባዣ እነዚህን ሰዎች ያመጣባት እሱ መሆኑን አሰበ። ወታደሩ መጣ። «ይቺስ? የማን ናት?» የእናቱ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትከሻዋ ተነሳ፣ ትንፋሽ ሳበች፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ፣ ከንፈሯ ተላቀቀ። ወደቀችብኝ አለ ማባዣ በልቡ፤ እጁም ከልቡ ቀድሞ ማጥፊያውን ወደ ታች ጣለው።

ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ሰው ሁሉ «ኧረ! ኧረ!» ሲል ማባዣ በጓሮ በር ወጥቶ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ዘጋ፣ አንድ ሽቦ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ እጁን ጥላሸት ቀባ። ዳይሬክተሩ ሲደርስበት «ተቃጥሏል። ዛሬ አይነሳም» አለው። በዕድሜው ከዋሻቸው ውሸቶች ሁሉ ትንሿ ይቺ ነበረች። ነብር የላት፣ መድፍ የላት። እንዲህ አጥራ ስለወጣች ነው መሰል ማንም አልተጠራጠራትም። ዳይሬክተሩ የጄኔሬተሩን ጎማ በእርግጫ መታ፤ የመጋዘኑ ባለቤት ከወንበሩ ሳይነሳ ሰዓቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ይሁን፣ ሁለተኛው ይበቃናል» አለ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ። «ዝምታዋ እዚያም ላይ ጥሩ ነው።»

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲሄዱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኝ የብረታ ብረት ሱቆች ናቸው፤ ብየዳ ይፈነጥቃል። ማባዣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደረቱ ሞላ አለለት። በየሁለት እርምጃው እናቱን ከጎን ያያታል፤ ጠይቃው እንዲነግራት፣ ነግሯትም እንድትመርቀው ይጠብቃል።

«ጄኔሬተሩ ምን ሆነ?» አለች።

«ምንም አልሆነ» አለና ሽቦውን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እናቱ ቆመች። «ለምን?»

«ልትወድቂ ነበራ። ፊትሽን አየሁት። ሁለተኛ እንዳያስደግሙሽ ብዬ…»

«ልል ነበር።»

«ምን?»

«ሁለቴ አቃተኝ» አለች እናቱ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለው ነበር። «በሦስተኛው አፌ ላይ መጥቶልኝ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለኝ፣ ዛሬ መጥቶልኝ ነበር።»

ብየዳው ፈነጠቀ፣ ጠፋ። ማባዣ ሽቦውን ኪሱ ሊመልሰው ሲል ኪሱን አጣው። ያን ጊዜ ከኋላቸው የፊልሙ መኪና ዕቃ ጭኖ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ፤ የልብስ ኃላፊዋ በመስኮት እጇን አወዛወዘችላቸው። «ቆይ! አስቆማቸዋለሁ! እነግራቸዋለሁ!» ብሎ ማባዣ ሮጠ። ሮጠ ይባል እንጂ ሦስት እርምጃ ነው። አራተኛው ላይ ምን እንደሚላቸው አሰበ። ሥራውንም አሰበ። ይህንንም ስላሰበ አፈረ። መኪናው ታጠፈ፤ ሁለተኛውን ቀረጻ ይዞ ሄደ። ያ ፊልም በታየበት ቦታ ሁሉ፣ ሰው በቆሎ እየበላ ባየው ቁጥር፣ እናቱ አፏን ከፍታ መልሳ ልትዘጋ ነው።

ማቆሚያው ላይ ስምንት ያህል ሰዎች ነበሩ። የአትክልት ዘንቢል የያዘች ሴትዮ፣ ጃንጥላ የተመረኮዘ ጎልማሳ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች ተማሪ፣ ሌሎችም። እናቱ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመችና ወደ እሱ ዞረች።

«ጠይቀኝ» አለችው።

«ምን ልጠይቅሽ?»

«እሱ የጠየቀውን።»

ማባዣ ዙሪያውን አየ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ይቺስ የማን ናት?» አላት፣ በሹክሹክታ፣ እንደ መድኃኒት አጠጪ።

«እሱ እንዲህ አልጠየቀም። ጮኾ ነው።»

«እማ፣ ሰው አለ እኮ።»

«ያን ጊዜም ሰው ነበር።»

ሰው ፊት ማውራት የለመደው ማባዣ ሰው ፊት መናገር አፈረ። እናቱ እየጠበቀች ነው። ክንዶቿ ወደ ጎኗ ወርደዋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተራመደ፣ ደረቱን ነፋ፣ ጣቱን ቀሰረ፣ ከሆዱ አውጥቶ ጮኸ፦

«ይቺስ! የማን ናት?!»

ዘንቢሏን የያዘችው ሴትዮ ደንግጣ አንድ ቲማቲም ጣለች። የእናቱ ግራ እጅ ተነሳ። የሚይዘው እጅጌ አልነበረም፤ የገዛ ቀሚሷን ጎን ጨበጠ። አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቷ ተወጠረ። ማባዣ በዚህኛው ጊዜ እጁን ከወገቡ አላነሳም።

«የእኔ ናት» አለች። አልተሰማም ማለት ይቻላል። ከዚያ ማባዣ በዕድሜው ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ እንደ ወጣት ሴት ድምፅ፦ «የእኔ ናት! እህቴ ናት!»

«አንተ ሰውዬ!» አለ ባለ ጃንጥላው። «እናትህ አይደሉም እንዴ? ምን ሆነህ ነው የምትጮህባቸው?»

«ኧረ ሴትዮዋ ደነገጡ! እዩ፣ እየተንቀጠቀጡ ነው!» ቲማቲም የጣለችው ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀምጣ እናቱን አቀፈቻት። «አይዞዎት እናቴ። ምንድን ነው የሚለው? ማንን ነው?»

«እህታቸውን መሰለኝ» አለ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ። «ከቤት ሊያባርራት ነው።»

«ቤቱ የእሳቸው ነዋ ታዲያ!»

«ቤቱንማ አሽጧቸዋል። ፊቱን እየው እስቲ፤ የቀማኛ ፊት ነው። እጁ እራሱ ጥላሸት ነው።»

በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ማባዣ ቤት ሸጧል፣ አሮጊት አክስቱን ጎዳና ጥሏል፣ እናቱን ደብድቧል። እንዲህ ያለ ፍጥነት እሱ ራሱ በጉብዝናው ዘመን አልነበረውም። አንድ ቃል ቢናገር ይበተን ነበር። ምላሱ ላይ ዐሥር ወሬ ተሰለፈለት፤ ቲያትር እየተለማመድን ነው ማለት ይችል ነበር፣ ጆሮዋ አይሰማም ማለት ይችል ነበር፣ እውነቱን ማለትም ይችል ነበር። እውነቱ ግን የእሱ አልነበረም። እናቱን አያት። እሷ እያየችው አልነበረም፤ በማታውቃት ሴትዮ ክንድ ውስጥ ሆና፣ ልክ አሁን ረጅም ደረጃ ወጥታ እንደጨረሰች ሁሉ፣ በአፏ ትተነፍሳለች።

«አታፍርም?» አለው ባለ ጃንጥላው፣ የጃንጥላውን ጫፍ ደረቱ ላይ አድርጎ።

«አፍራለሁ» አለ ማባዣ።

መልሱ ስላልተጠበቀ የሰውየው ጃንጥላ ከደረቱ ላይ ወረደ። ያን ጊዜ አውቶቡሱ መጣ። እናቱን ሁለት ሴቶች ደግፈው አስገቧት፤ ከፊት በመስኮቱ በኩል ቦታ ተለቀቀላት፤ ተማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። የሁለቱንም ዋጋ ማባዣ ሲከፍል ገንዘብ ተቀባዩ እንኳ በክፉ ዓይን ነው የተቀበለው። በሩ አጠገብ ብረቱን ይዞ ቆመ። የገባው ሰው ሁሉ የቀደመው ሰው እየነገረው፣ ዞር ብሎ ያየዋል።

አውቶቡሱ ተነሳ። በሰው ትከሻ መካከል የእናቱ ጭንቅላት ይታየዋል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ተማሪዋ መጀመሪያ አንዱን ማዳመጫ ነቀለች፣ ቀጥሎ ሌላኛውን፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ እናቱ ዘንበል አደረገች። እናቱ በእጇ ቁመት ታሳያለች፤ እዚህ ድረስ፣ ከትከሻዬ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ የምትል ትመስላለች። ማባዣ ጆሮውን አቀና። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሊጠጋ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲል ባለ ጃንጥላው ክርኑን ዘረጋበት።

«እዚያው ቁም» አለው።

ቆመ።